ረቡዕና ዓርብ የሚጾመው ታንከር

መሪጌታ ፈንታ ማረፋቸውን የነገረችኝ አስካለ ናት። ስልኩን እንዳነሳሁ ስለ ጤናዬ ጠየቀች፣ ስለ ሥራዬ ጠየቀች፣ ቀጥላ ስለ አየሩ ጠየቀች። አስካለ ስለ አየር ስትጠይቅ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ከዚያ «መሪጌታ አረፉ» አለችኝ። ፋሲካ ካለፈ ገና ጥቂት ሳምንት ነበር። በስልክ ተላቀስን። ለቅሶው ጋብ ሲል፣ «ደግሞ በዓለ ሃምሳን መርጠው» አለች። «ምን ያድርጉ፤ ጾም በሌለበት ወቅት ሥራ ፈተው ነበር።»

እንባዬን ሳልጠርግ ሳቅሁ። መሪጌታን የሚያውቅ ሰው ይህ ለምን እንደሚያስቅ ይገባዋል። ለማያውቃቸው ግን ማስረዳት ይኖርብኛል፤ ማስረዳት ደግሞ አይሰለቸኝም። መሪጌታ ራሳቸው ለእንግዳ ሲያስተዋውቁኝ፣ «ይቺን ልጅ እንዴት አደርሽ ካልካት፣ ሌሊት ከየት እንደሚመጣ ጀምራ ነው የምትነግርህ» ይሉ ነበር።

የምንኖረው ኢየሩሳሌም፣ ከኢትዮጵያ ጎዳና በሚገነጠል ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ፣ ግቢው ድንጋይ በተነጠፈ አሮጌ ቤት ነበር። እኔ ፎቁ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። አስካለ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ምድር ቤቱን ይዛለች። መሪጌታ ደግሞ ከደረጃው ሥር ባለችው ትንሽ ክፍል ነበሩ። እኔ ያኔ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙም አልሆነኝም፤ ከኢትዮጵያ ለመጡ ልጆች ሒሳብና ሳይንስ በዕብራይስጥም በአማርኛም አስተምር ነበር። አስካለ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። መሪጌታ ከጎንደር ለመሳለም መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም ነበር። ግቢው በር ላይ ሆነው «ደህና ዋላችሁ?» ሲሉ ፎቅ ያለሁት እኔ መጀመሪያ እመልሳለሁ።

በኢየሩሳሌም አሮጌ ቤቶች ከግቢው ሥር ጉድጓድ አለ። የክረምቱ ዝናብ ከጣሪያው በአሸንዳ ወርዶ እዚያ ይጠራቀማል። የማዘጋጃ ቤቱ ቧንቧ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ወጥ ቤት ድረስ ብቻ ስለነበር፣ ለገላ፣ ለልብስና ለመጸዳጃ ቤት የምንጠቀመው የጉድጓዱን ውኃ ነው። ፓምፕ ውኃውን ስቦ፣ ከደረጃው ሥር ወደቆመ ትልቅ የብረት ታንከር ይገፋዋል። ታንከሩ ደግሞ ወደየቧንቧችን ይልከዋል።

ይህ ታንከር ውኃ ብቻ የሚይዝ እንዳይመስላችሁ። ሥራውን የሚሠራለት አየር ነው። ከታች ውኃ፣ ከላይ አየር አለ። ፓምፑ ውኃ ሲያስገባ አየሩ ይታመቃል። ቧንቧ ሲከፈት የታመቀው አየር ውኃውን ይገፋዋል፤ ስለዚህ ፓምፑ ለእያንዳንዷ ኩባያ መነሣት የለበትም። ችግሩ፣ በድሮ ታንከር ውስጥ ውኃውንና አየሩን የሚለያቸው ነገር የለም። አየሩ ቀስ በቀስ በውኃው ይበላል። አየር ያለቀበት ታንከር ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር ፓምፑን ይቀሰቅሰዋል፣ በተዘጋ ቁጥር ያስተኛዋል። ሲነሣና ሲተኛ የሚውል ፓምፕ ደግሞ ይቃጠላል።

እኔ ቤቱን ከመከራየቴ በፊት አንድ ጊዜ ተቃጥሏል። የቤቱ ባለቤት ጌቬሬት ሲማ አጥር ለአጥር የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ጌቬሬት በአገሩ ቋንቋ ወይዘሮ እንደማለት ነው። አዲሱን ፓምፕ ሲያስገቡ ቁርጡን ተናገሩ። ዳግመኛ ከተቃጠለ ጉድጓዱ ይከደናል፣ ለሁሉም ቤት የማዘጋጃ ቤት ውኃ ይገባል፣ ከደረጃው ሥር ያለችውም ክፍል የዕቃ ማስቀመጫ ትሆናለች። መሪጌታ በዚያች ክፍል ያለ ኪራይ የሚኖሩት ታንከሩን ስለሚጠብቁ ነው። ታንከር ከሌለ ክፍል የለም። ክፍሏ ከሌለች ደግሞ ንጋት ላይ በእግራቸው ሄደው ኪዳን የሚያደርሱበት ሌላ ማደሪያ አልነበራቸውም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እሳቸውም ያውቃሉ፤ ሲያነሡት ግን አልሰማሁም።

አሁን አጠባበቃቸውን ልናገር። ፓምፑን የገጠመው ሰው ሲሄድ፣ የታንከሩ አየር የሚስተካከለው ባዶ ሲሆን ብቻ ነው ብሎ አስጠነቀቀ። የአስካለ ባል አስተረጎመ። መሪጌታ ከተባለው ሁሉ «ባዶ» የሚለውን ያዙ። ባዶ ሆድ የሚያውቁት ነገር ነው። በዚያው ሳምንት ታንከሩ ረቡዕና ዓርብ መጾም ጀመረ።

ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የፓምፑን ማብሪያ ያጠፋሉ፤ የታችኛውን ቧንቧ ይከፍታሉ። አስካለ ባልዲዎቿን ትደረድራለች። ታንከሩ ተንጠፍጥፎ ያልቃል። እዚህ ላይ አየሩን ነፍቶ ወዲያው መሙላት ይቻላል። መሪጌታ ግን ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ይጠብቃሉ። እሳቸው እህል ሳይቀምሱ ታንከሩ ውኃ አይቀምስም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከማሃኔ ይሁዳ ገበያ ተከራክረው የገዟትን የብስክሌት መንፊያ ያወጣሉ። ነጠላቸውን አደግድገው፣ ላብ እስኪያጠምቃቸው አየር ይነፉለታል። ከዚያ ማብሪያውን ይጫኑና፣ «በል አሁን ቅመስ» ይሉታል።

አንድ ዓርብ ጠዋት ራሴን በሳሙና አረፋ እንደሞላሁ ውኃው ቀጥ አለ። ፎጣ ጠምጥሜ በመስኮት ተጣራሁ። መሪጌታ ቀና ሳይሉ፣ «የኔታ፣ ዓርብ መሆኑን ተማሪዎችሽ አልነገሩሽም?» አሉኝ። የኔታ የሚሉት እኔን ነው። በአገራቸው የኔታ የሚባለው ጢሙ የወረደ፣ ደቀ መዝሙር የሚፈራው ሊቅ ነው። እኔ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ አውቶቡስ የማሳድድ ልጅ ነበርኩ። አስካለ ከወጥ ቤቷ በድስት ውኃ ይዛልኝ ወጣች። መሪጌታ ድስቱን አይተው፣ ዓርብን በድስት የሚሽር ትውልድ መጣ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

በብርዱ ወራት አሮጌ ጋቢያቸውን ታንከሩ ላይ ደረቡለት። ጥሩ ዘዴ ነው አልኳቸው፤ ጋቢው ሙቀት ይይዛል፣ ቧንቧው በረዶ አይሠራም፣ ብረቱም አይሰነጠቅም። ስለ በረዶ አላሰቡም ነበር። «ብርድ ላይ ቆሞ የሚያድር ነው» አሉኝ በቃ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ማንኳኳታቸውን ነው። በየማለዳው መቋሚያቸውን፣ ያቺን በማሕሌት የሚደገፏትን ዘንግ ይዘው፣ ታንከሩን ከእግሩ እስከ ራሱ ያንኳኩታል። ውኃ ያለበት ቦታ ድምፁ ድፍን ነው፣ አየር ያለበት ይጮኻል። ይህ በሳይንስም ልክ ነው፤ ልጆችን ወስጄ ባሳያቸው ደስ ይለኝ ነበር። ለመሪጌታ ግን ድፍንና ጯሂ አይበቃም። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ነው፤ ታንከሩም ሲሞላ በዕዝል፣ ሲጋመስ በግዕዝ፣ ባዶ ሲሆን በአራራይ ያዜማል። ጆሮዬን ብረቱ ላይ አስለጥፈው ያንኳኩልኛል። እኔ የሚሰማኝ ሲደበደብ ያለ ታንከር ነው።

«ሰማሽው?» ይሉኛል።

«አዎ፣ ሰማሁት።»

«አልሰማሽም» ይላሉ፤ እንደገና ያንኳኳሉ።

እኔም በበኩሌ አልተኛሁላቸውም። ካርቶን ላይ ታንከሩን ሣልኩላቸው፤ ውኃውን በሰማያዊ፣ ፓምፑን በቀይ፣ አየሩን ነጭ ትቼ። በአጭሩ አስረዳለሁ ብዬ ጀመርኩ፤ አጭሩ እስከ ምሳ ሰዓት ሄደ። ዋናው ነገር፣ በወር አንድ ቀን፣ ያውም አየር እስኪነፋ ድረስ ብቻ ባዶ ቢሆን ይበቃል ነው። መሪጌታ ሥዕሉን አቀረቡ፣ አራቁ፣ ሰማያዊው ያምራል አሉ። በወር አንድ ቀን የሚጾም ግን ምን ዓይነት ክርስቲያን ነው ብለው ጠየቁኝ። ካርቶኑንም ሥዕል መሬት አይቀመጥም ብለው ከታንከሩ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ከዚያ ወዲያ አስካለ ባለፈች ባገደመች ቁጥር ሥዕሉን ትሳለማለች፤ እኔን ለማብገን።

ያም ሆኖ ፓምፑ ጤነኛ ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን አየር የሚነፋለት ታንከር አየር አይጎድለውም። የመሪጌታ ዘዴ ከሚያስፈልገው በላይ ነበር እንጂ ይሠራ ነበር።

ፋሲካ መጣ። አዲሱ ፓምፕ ከገባ ያ የመጀመሪያው ፋሲካ ነው። መሪጌታ በዓሉን ዴር ሡልጣን ገዳም ከመነኮሳቱ ጋር ሲያዜሙ ቆይተው፣ ያ ድምፅ ተዘግቶ፣ በሹክሹክታ «እንኳን አደረሳችሁ» እያሉ ገቡ። ምሳ በልተው ሲያበቁ መንፊያዋን በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ከተቷት። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ሰው አይጾምም፤ ታንከሩም አይጾምም።

መጀመሪያ ደስ አለን። አስካለ ረቡዕ ጠዋት ልጆቿን አጠበች፣ እኔ ዓርብ ጠዋት ጠጉሬን። ጥቂት ሳምንት ሲያልፍ ግን ፓምፑ ይንተባተብ ጀመር። ቧንቧ ሲከፈት ጠቅ ብሎ ያጓራል፣ ሲዘጋ ጠቅ ብሎ ይሞታል። አንድ ሰው ጥርሱን አጥቦ እስኪጨርስ ስንት ጊዜ ተነሥቶ ስንት ጊዜ ይተኛል። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ከታች እስከ ላይ አንኳኩ። ከእግሩ እስከ ራሱ አንድ ድምፅ ነው፤ ድፍን። «ዕዝል» አሉ በተዘጋ ድምፃቸው። ይቺን እንኳ እኔም ሰማኋት።

ጌቬሬት ሲማ በር ላይ አግኝተውኝ፣ ያ ጠቅታ ምንድን ነው አሉኝ። ይስተካከላል አልኳቸው። የቀድሞውም ከመቃጠሉ በፊት እንዲህ ይል ነበር ብለውኝ ገቡ። ለመሪጌታ ነገርኳቸው። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጠቅታውን ያዳምጣሉ፤ ጠቅ ባለ ቁጥር ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

«መሪጌታ፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ ባዶ ያድርጉት። ይቃጠላል።»

«በበዓለ ሃምሳ መጾም ክልክል ነው።»

«ለሰው ነዋ! ይኼ ብረት ነው፤ አልተጠመቀም።»

ይህን ስል ክፉኛ ተቀየሙኝ። ወደ ታንከሩ ዞረው በመቋሚያቸው አመለከቱ። «ይኼ ነው ያልተጠመቀው? ከራሱ እስከ እግሩ ውኃ ውስጥ ውሎ የሚያድረው?»

እንግዲያው እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እኔ ላድርገው አልኳቸው። በበዓል ከጾመ ያስጾመ ይብሳል አሉኝ። እኔም ያ ሁላችን አፋችን ላይ የማናመጣው ነገር አመለጠኝ።

«ክፍልዎን ያጣሉ እኮ።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ለወትሮው ለአንድ ቃሌ ሦስት የሚመልሱ ሰው ናቸው። «አውቃለሁ» አሉ። «አውቃለሁ የኔታ። ግን ለክፍል ብዬ በዓል ልሻር?»

ጎናቸው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ፓምፑ ጠቅ አለ።

አስካለ ከሥራ ስትመለስ እንዲህ ተቀምጠን አገኘችን። ነገሩን ሰማች፤ የያዘችውን ፌስታል መሬት አስቀመጠችና ወገቧን ያዘች።

«መሪጌታ፣ ለፋሲካ እንግዳ ጠርተው፣ እንግዳው ያለውን ሁሉ በልቶ ድስቱ ቢራቆት፣ ባለቤቱ ጾመ ይባላል?»

«አይባልም። አበላ ነው የሚባል።»

«እንግዲያስ ታንከሩ ይጋብዘን። እኛ እንቅዳለት፣ ሲያልቅበት እርስዎ እዚያው ይሙሉለት። ዘጠኝ ሰዓት የሚባል ነገር አይነሣ።»

መሪጌታ ጢማቸውን አሻሹ። ከየት እንደመጣባት ለማየት አስካለን ከእግር እስከ ራስ አዩአት። ከዚያ ብድግ አሉና፣ በዓለ ሃምሳ ወጉም ግብዣ መሆኑን ለእኛ ያስተምሩን ጀመር፤ እኛ የከለከልናቸው ይመስል።

ግብዣው ሐሙስ ሆነ። ቀኑን የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን ሰው ይጠረጥራል። አስካለ ምንጣፎቿን ሁሉ ግቢው ላይ ዘረጋች። የጎረቤት ሴቶች ባልዲና ሳፋ ይዘው መጡ። ማብሪያው ጠፋ፣ የታችኛው ቧንቧ ተከፈተ፤ ውኃው እንደ ክር ቀጠነ። አየር የሌለው ታንከር ፓምፑ ሲቆም የሚገፋለት የለማ። እኔ ከላይ ያለችውን ቧንቧ ከፍቼ አየር ሳስገባለት ጎረፈ። መሪጌታ ነጠላቸውን አጣፍተው እንደ ደጋሽ ቆመዋል። አንዷ ባልዲ ሞልታ ልትሄድ ስትል መንገድ ይዘጋሉ።

«በሞቴ፣ አንድ ድገሚ።»

«በቃኝ መሪጌታ፣ መያዣም የለኝ።»

«በሞቴ አልኩሽ እኮ። ምን አነሰሽ?»

በዚህ መሐል ጌቬሬት ሲማ ገቡ። ሁላችንም ባልዲያችንን እንደያዝን ቀረን። ጌቬሬት ሲማ የራሰውን ምንጣፍ፣ የጠፋውን ፓምፕ፣ ጋቢ የለበሰውን ታንከር ተራ በተራ አዩና፣ ምንድን ነው ብለው እኔን ጠየቁ። መሪጌታ፣ ታንከሩ እየጋበዘ ነው በያቸው አሉኝ። እኔ ከአየር ጀመርኩ። አየር እንዴት እንደሚታመቅ አልፌ በውኃ እንዴት እንደሚበላ ስደርስ ጌቬሬት ሲማ እጃቸውን አነሡና፣ ሽማግሌው የተናገሩት ይህን ያህል ረጅም አልነበረም፣ እሱን ንገሪኝ አሉ። ነገርኳቸው።

መሪጌታ ደግሞ ግብዣ ላይ የመጣ ሰው ባዶ እጁን ሲቆም አይወዱም። ባልዲ ሞልተው በሁለት እጃቸው ይዘው ሄዱና ፊታቸው አስቀመጡ። «በሞቴ» አሉ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተዘጋበት ወጣ። ይቺን አልተረጎምኩም። ጌቬሬት ሲማ ባልዲውን አዩ፣ ሰውዬውን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አነሡትና አጥሩ ሥር ያለች የሎሚ ዛፋቸው ላይ አፈሰሱት።

ታንከሩ ባዶ ሆነ። መሪጌታ መንፊያዋን ከጨርቋ ፈትተው ይነፉ ጀመር። እሳቸው ሲደክሙ የአስካለ ባል ተቀበለ፤ መለኪያው በቃ እስኪል። ማብሪያው ተጫነ። ፓምፑ አንድ ጊዜ አጓርቶ፣ ሞልቶ፣ ዝም አለ። አስካለ ቧንቧ ከፈተች፤ ውኃው ወረደ። ዘጋች። ጌቬሬት ሲማ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጠቅታውን ጠበቁ። መሪጌታም ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። አልመጣም። ጌቬሬት ሲማ ስለ ዕቃ ማስቀመጫ ምንም ሳይሉ ባዶ ባልዲውን መልሰው ሄዱ።

ሌላው ክረምት ሳይገባ ግን አዲስ ታንከር አስመጡ። አዲሱ በሆዱ ውስጥ ጎማ አለው፤ ውኃውን ከአየሩ ስለሚለየው አየሩ አይበላም። በዓመት አንድ ጊዜ ባዶ አድርጎ አየሩን መለካት ይበቃል አለ ገጣሚው። ይህን ስተረጉም ልቤ ፈራ፤ ጠባቂ የማያሻው ታንከር ነው የመጣው። መሪጌታ አዲሱን ሰማያዊ ታንከር ዞረው አዩት።

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«አዲስ ነው መሪጌታ፤ ገና ዛሬ የገባ።»

«ሕፃን ነዋ» አሉ። «ሰባት ዓመት ሳይሞላው አይጾምም።» መንፊያዋን ጠቅልለው ሣጥናቸው ውስጥ መለሷት። ጋቢውን ግን ለአዲሱም አለበሱት፤ ማንኳኳቱንም አልተዉም። እኔ ጌቬሬት ሲማን፣ ክፍሏ ትፈለጋለች ወይ ብዬ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኋቸው። የማስቀምጠው ዕቃ የለኝም አሉ። ደግሞም በዚያ ማንኳኳት ነው የምነቃው አሉኝ።

ከዚያ እኔ ደቡብ ወደሚገኝ ከተማ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። ለበዓል ስደውል መሪጌታ ከራሳቸው ጤና በፊት የታንከሩን ይነግሩኛል። ዘንድሮም ደህና ነው፣ ጥርስ አውጥቷል፣ ፊደል ቆጥሯል።

አስካለ በደወለችልኝ ሳምንት ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ከደረጃው ሥር ያለችው ክፍል በሯ ክፍት ነበር፤ መቋሚያው ጥግ ላይ ቆሟል። ግቢው ውስጥ ወንበር ተደርድሮ ሰው ተቀምጧል። ጌቬሬት ሲማም ከሴቶቹ መሐል ናቸው። ታንከሩ ዘንድሮ ሰባት ሞልቶት፣ መሪጌታ በዐቢይ ጾም አስጀምረውት ነበር አለችኝ አስካለ። ለልጅ ይከብዳል ብለው በየሳምንቱ አላደረጉትም፤ አንድ ዓርብ ብቻ። በዓመት አንድ ቀን ማለት ነው፤ ልክ ገጣሚው እንዳለው፤ እኔ በካርቶን ከለመንኳቸውም ያነሰ።

አሁን ግን በዓለ ሃምሳ ነው። መጾም ክልክል ነው፤ መጋበዝ ነው ያለው። የአስካለ ባል ማብሪያውን አጠፋ። ቧንቧው ሲከፈት ለቀስተኛው ባልዲ ባልዲውን ያዘ፤ ጌቬሬት ሲማ ከቤታቸው የራሳቸውን ይዘው መጥተው ኖሯል፤ ማንም በሞቴ ሳይላቸው ቀዱ። ሲያልቅ አየሩን ለካሁ። ልክ ነበር።

አስካለ መቋሚያውን ከክፍሉ አምጥታ አቀበለችኝ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ መምህሯ እኔ ነኝ። ከእግሩ እስከ ራሱ አንኳኳሁት፤ ጋቢውን ገለጥ አድርጌ ጆሮዬን ብረቱ ላይ ለጠፍኩ።

«ሰማሽው?» አለችኝ።

«አዎ፤ አራራይ ነው።»

አስካለ መቋሚያውን ከእጄ ወሰደች።

«አልሰማሽም» አለችኝ።